የድንጋይ ገንዳው ዕድሜ እንዴት ይታወቃል?

በአንድ የገጠር ደብር ክርስትና ቤት ውስጥ፥ ሕፃናት የሚጠመቁበት ከድንጋይ የተፈለፈለ ገንዳ ይገኛል እንበል። የቅርስ መዝገብ እንዲሞላ የታዘዘው ወጣት ሠራተኛ ዕድሜውን ሲጠይቅ «ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው» ይሉታል። መዝገቡ ግን ቁጥር ይፈልጋል። ሠራተኛውም በግምት «ስድስት መቶ ዓመት» ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ፥ ቁጥሩ ከመዝገብ ወደ መዝገብ ሲገለበጥ ኖሮ በመጨረሻ ማስረጃ ተብሎ ይጠቀሳል። ይህ እንዳይሆን ነገሩን ከሥሩ ብንመለከተው መልካም ይመስለናል።

ሊቃውንት የጥንት ዕቃዎችን ዘመን ከሚለዩባቸው ዘዴዎች ዋናው የካርቦን ምርመራ ነው። በሕይወት የነበረ ነገር ሁሉ፥ እንጨትም ሆነ አጥንት ወይም እህል፥ ከሞተ በኋላ በውስጡ ያለው ካርቦን 14 እየቀነሰ ይሄዳል፤ በ5,730 ዓመት ያህል ጊዜም በግማሽ ይጎድላል። ድንጋይ ግን ሕይወት ያልነበረው ስለ ሆነ በዚህ ዘዴ አይመረመርም። የድንጋዩ የራሱ ዕድሜ ቢታወቅም እንኳ የሚጠቅመን ነገር የለም፤ እኛ የምንፈልገው ጠራቢው መሮውን ያሳረፈበትን ቀን ነውና። ስለዚህ መርማሪው ዓይኑን ከገንዳው አንሥቶ ወደ ወለሉ፥ ከወለሉም በታች ወዳለው አፈርና ከሰል ያዞራል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የአክሱም መንግሥት ወደብ የነበረችው አዱሊስ ናት። ዛሬ በኤርትራ የምትገኘውን ይህችን ፍርስራሽ የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምት በከፊል ቆፍሯት፥ አንድ ቤተ ክርስቲያን ተገኘ። ቤተ ክርስቲያኑ ጥንታዊ መሆኑ ቢታወቅም ዘመኑን በእርግጥ ለመናገር ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አልፏል። የኢጣሊያ ሊቃውንት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2011 ጀምሮ ባካሄዱት ቁፋሮ ካርቦኑን አስመርምረው ውጤቱን በ2022 አሳተሙ። በዚህም የመጠመቂያ ክፍል ቅሪት ያለው ይኸው ካቴድራል ግንባታው የተጀመረው ከ400 እስከ 535 ባለው ጊዜ ውስጥ፥ በከተማይቱ ምሥራቅ ያለው ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከ480 እስከ 625 ባለው ጊዜ ውስጥ መሆኑ ተገለጸ። አንባቢ እንደሚያስተውለው እነዚህ ሁሉ ድካም የተደረገባቸው ቁጥሮች እንኳ የመቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ስፋት አላቸው። የእኛ ሠራተኛ ግን በአንድ እስክሪብቶ ጭረት ሊወስን ነበር!

የገንዳው ቅርጽስ ፍንጭ አይሰጥምን? በመጠኑ ይሰጣል። ፍራንሲስ አንፍሬ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በመጠራ ባደረገው ቁፋሮ፥ ውኃው ተቀጣጥለው በተሠሩ የሸክላ እንስራዎች ቧንቧነት የሚመጣለት የመጠመቂያ ገንዳ ተገኝቷል። እንዲህ ያለው ገንዳ ለጎልማሳ አማኝ የተዘጋጀ ይመስላል። ከአንድ ሺህ ዓመት ያህል በኋላ፥ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ግን ሕፃናት ገንዳ ሳይኖር በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፥ በዕቃ በተባረከ ውኃ ሲጠመቁ ማየቱን ጽፏል። ለጥምቀት በዓል ደግሞ ጉድጓድ ተቆፍሮ፥ በሳንቃና ሰም በተነከረ ጨርቅ ተለብጦ ነበር። እንግዲህ ገንዳ የሌለው ደብር ሁሉ አዲስ ነው፥ ገንዳ ያለውም ሁሉ ጥንታዊ ነው ማለት አይቻልም።

ይህን ሁሉ ወደ ሸዋ ቤንችና በጠቅላላው ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ወዳለው የቡና አገር ስናመጣው፥ ታሪክ ራሱ አንድ ወሰን ይሰጠናል። በ1889 ዓ.ም. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው ጦር ወደ ከፋ ዘምቶ፥ በዚያ ዙሪያ ያለው አገር ወደ ማዕከላዊው መንግሥት አስተዳደር ከገባ ወዲህ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተተክለዋል። ከዚያ በፊት በአቅራቢያው ክርስትና አልነበረም ለማለት ግን አንደፍርም፤ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን የእናርያው ንጉሥ መጠመቁ የታወቀ ነውና። ስለዚህ በዚህ አገር ያለ ገንዳ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልተገኘለት ድረስ የመቶ ዓመት አካባቢ ዕድሜ አለው ብሎ መነሣቱ ይሻላል። ይህ ደግሞ የሚያሳፍር ዕድሜ አይደለም። ጠራቢው ማን እንደ ነበረ፥ ድንጋዩ ከየትኛው ወንዝ እንደ መጣ ከአባታቸው የሰሙ ሽማግሌዎች ሊገኙ የሚችሉት ለእንዲህ ያለው ገንዳ ነውና። ታቦቱ የገባበት ዘመን በወንጌሉ ሕዳግ ላይ ተጽፎ እንደ ሆነም ካህናቱን መጠየቅ ያሻል።

የሚያስፈራው ግን ሌላ ነው። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ በሲሚንቶ ሲሠራ ወለሉ ይገለበጣል፤ ገንዳውም ተነቅሎ፥ ታጥቦ፥ ምናልባትም ቀለም ተቀብቶ በአዲሱ ሕንጻ ጥግ ይቀመጣል። ድንጋዩ ተርፏል፤ ዘመኑን ሊናገር ይችል የነበረው አፈርና ከሰል ግን ከፍርስራሹ ጋር ተጥሏል። ቅርስን ለማደስ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት እንደሚያስፈልግ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ተደንግጓል። ወጣቱ ሠራተኛ ግንበኛው ከመድረሱ በፊት ከካህናቱ ጋር ተነጋግሮ ገንዳውን ካለበት ሳያነቃንቅ ይለካው፥ በየጎኑ ፎቶግራፍ ያንሣው፥ የሽማግሌዎቹንም ቃል ከነስማቸው ይመዝግብ። በዕድሜ ዓምዱ ላይ «አልተመረመረም» ብሎ ቢጽፍ የሚነቅፈው የለም።