የተነካካ ፎቶ እንዴት ይታወቃል? የጢስ ዓባይ ምሳሌ

ፎቶግራፍን መነካካት ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረዱበት ጊዜ በእስልምና አለባበስ የሚያሳዩዋቸው ፎቶግራፎች ይዘዋወሩ ነበር። ምስሎቹ እውነተኛ ናቸው ወይስ ቅንብር የሚለው ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። ያኔ መቀስና ሙጫ ይጠይቅ የነበረው ሥራ ዛሬ በአንድ ስልክ ይሠራል። አሻራው ግን በፋይሉ፣ በምስሉ ነጥቦችና በትዕይንቱ ላይ ይቀራል።

የመጀመሪያው መፈተሻ ፋይሉ ነው። ስልክ ፎቶ ሲያነሣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የካሜራውን ዓይነት፣ አንዳንዴም ቦታውን አብሮ ይመዘግባል። ቀኑ ብዙውን ጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሰዓቱም ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሚቆጠር፣ «09:00» የሚል መዝገብ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ይህ መዝገብ ግን በቀላሉ ይቀየራል፤ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ፎቶ ሲላክም ይጠፋል።

ሁለተኛው ነጥቦቹ ናቸው። ሰው ወይም ዕቃ የሚያጠፋና የሚያባዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ከዚያው ፎቶ ቆርጦ ይለጥፋል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 ኢራን ባሰራጨችው ፎቶ አራት ሚሳኤሎች ሲተኮሱ ይታዩ ነበር። አንደኛው የተጨመረ መሆኑን ያጋለጠው ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት የሆነው ጭሱና አቧራው ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴም እንፋሎትና አረፋ በየቅጽበቱ ይለዋወጣል። በአንድ ፎቶ ውስጥ ነጥብ በነጥብ የሚመሳሰሉ ሁለት የአረፋ ክፍሎች ከተገኙ የተለጠፈ ነገር አለ ማለት ነው።

ሦስተኛው ትዕይንቱ ራሱ ነው። ፏፏቴው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለሚገኝ፣ የቀትር ጥላ በታኅሣሥ ወደ ሰሜን፣ በሰኔ ደግሞ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ቀስተ ደመናም ምንጊዜም ከፀሐይ በተቃራኒ ይቆማል። ፀሐይና ቀስተ ደመና በአንድ አቅጣጫ ከታዩ ፎቶው ቅንብር ነው። የውሃው መጠንም ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በበጋ የሚወርደው ውሃ በእጅጉ ቀንሷል። ስለዚህ «ባለፈው መጋቢት የተነሣ» የተባለ፣ ገደሉን ዳር እስከ ዳር የሞላ ፏፏቴ ያጠራጥራል። ሆኖም ውሃ የሚለቀቅበት ጊዜ ስላለ ይህ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም።

ምንም ያልተነካካ ፎቶም ሊዋሽ ይችላል፤ የቆየ ወይም የሌላ አገር ምስል አዲስ መግለጫ ይጻፍለታል። ይህን ለመለየት ምስሉን በጉግል የምስል ፍለጋ ውስጥ አስገብቶ ቀድሞ የት እንደወጣ ማየት ይረዳል።

ከእነዚህ መፈተሻዎች አንዱም ብቻውን አይበቃም። ፋይሉ፣ ነጥቦቹና ትዕይንቱ ሲስማሙ ፎቶው ይታመናል፤ አንዱ ሲያፈነግጥ ዋናው ፋይል ይጠየቃል። ስለዚህ ለማስረጃ የሚሆን ፎቶ ያነሣ ሰው ዋናውን ሳይነካ ያስቀምጥ፤ ሲልክም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ።