የማይናገረውን ልብ ስለ ማዳመጥ

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው የቦረና ደጋ፣ እስከ ዓባይ ሸለቆ አፋፍ ድረስ፣ በቅሎ ያለው ቤተ ሰብ እግር አለው ማለት ነው። መኪና በማይደርስበት ዳገትና ቍልቍለት ወደ ገበያ፣ ወደ ንግሥ፣ ወደ ለቅሶና ወደ ዳኛ ደጅ የምታደርሰው እርስዋ ናት። ስለዚህ በቅሎ ከከብት ጋራ ብትቈጠርም በቤት ውስጥ ያላት ስፍራ ከቤተ ሰብ የራቀ አይደለም። ደጅ የሚጠብቀው ውሻና ጐተራ የምትጠብቀው ድመትም እንደዚሁ ናቸው። ነገር ግን እነዚህ የቤት ባልንጀሮቻችን ልባቸው ሲታመም የሚያውቅላቸው ሐኪም እጅግ ጥቂት ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ነገር ነው።

በፍርድ ቤት ጸሐፊነታችን ካየናቸው ነገሮች አንዱን እናስቀድም። ሁለት ጎረቤታሞች በአንዲት በቅሎ ምክንያት ተካሰሱ። ገዢው በመስከረም ወር በቅሎዋን ገዝቶ ወደ ቆላ ወርዶ ተመለሰ። በገዛት በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ከዐይኖቿ በላይ ያለው ጐድጓዳ ስፍራ አበጠ፤ ቀጥሎም የዐይኗ ቆብና አንገቷ አበጡ፤ ትንፋሽም አጥሯት በአራት ቀን ውስጥ ሞተች። ገዢው፣ «ሕመሟን ሰውረህ ሸጥህልኝ» አለ። ሻጩም፣ «ደኅና በቅሎ ሸጥሁልህ፤ ቆላ አውርደህ የገደልሃት አንተ ነህ» ብሎ መለሰ። ለምስክርነት የተጠራው የከብት ሐኪም፣ በሕይወት ሳለች ልቧን እንዳላዳመጠ፣ ከሞተችም በኋላ ከፍቶ እንዳላየ በእውነት ተናገረ። ማስረጃ ስለ ጠፋ ሽማግሎች ገብተው ዋጋውን እኩል አካፈሏቸው። ገንዘቡ ተካፈለ፤ ዳሩ ግን የሁለቱ ቤት ሰዎች ከዚያ ወዲህ አብረው ቡና ጠጥተው አያውቁም።

የዚያች በቅሎ ምልክት የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ከሚባለው የጋማ ከብት ደዌ፣ ይልቁንም ልብን ከሚይዘው ዐይነቱ ጋራ የሚመሳሰል ነው። በሽታው በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን የሚያስተላልፉትም ደቃቅ ትንኞች ናቸው፤ ዝናም ባለፈበት ወራት በሞቃትና እርጥብ ስፍራ ይበረታል። ከሚያዛቸው ፈረሶች ከመቶ 70 እስከ 95፣ ከበቅሎዎች ግን ወደ 50 የሚደርሱ ይሞታሉ። ልብን የሚይዘው ዐይነት ምልክቱን የሚያሳየው ትንኙ ከነከሰበት ቀን አንሥቶ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ቈይቶ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ቀኑን ቍጠር። በቅሎዋ የተነከሰችው በሻጩ ደጅም፣ በገዢው እጅም ሊሆን ይችላል። በሻጩ ደጅ ብትነከስ እንኳ ምልክት ሳይታይ ሻጩ ሊያውቅና ሊሰውር አይችልም። ገዢውም የማይታየውን ትንኝ ሊከለክል አይችልም ነበር። ይህን በችሎቱ ፊት ቆሞ የሚያስረዳ ሐኪም ቢኖር ኖሮ በቅሎዋን ባያድንም ሁለቱን ጎረቤቶች ከመጠላላት ባዳነ ነበር።

በአገራችን የከብት ሕክምና ትምህርት አስቀድሞ ለበሬና ለላም መሰጠቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1888 እስከ 1892 ዓ.ም. በአውሮጳ አቈጣጠር በነበረው ክፉ ቀን፣ ደስታ የተባለው በሽታ የአገሩን ከብት በጅምላ ፈጅቶ አርሶ አደሩን ያለ በሬ አስቀርቶታል። በ1979 ዓ.ም. በዚያው አቈጣጠር በደብረ ዘይት፣ ዛሬ ቢሾፍቱ በምትባለው ከተማ፣ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ። ዛሬ ጐንደርም፣ ደሴ ላይ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲም ይህንኑ ሙያ ያስተምራሉ። የደስታ በሽታም በ2011 ዓ.ም. በአውሮጳ አቈጣጠር ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። ስለ መንጋ የተማረው ሐኪም ታላቅ ሥራ ሠርቷል፤ አሁን የቀረው ስለ አንዲቱ ነፍስም የሚያዳምጥ ጆሮ መጨመር ነው።

ይህም ትምህርት የሚጀምረው በታላቅ መሣሪያ አይደለም። የልብ ማዳመጫን በ1816 ዓ.ም. በአውሮጳ አቈጣጠር በፓሪስ ያገኘው ሐኪም ላኤኔክ በመጀመሪያ የተጠቀመው የተጠቀለለ ወረቀት ነበር። ተማሪው አስቀድሞ የብዙ ጤነኛ እንስሳትን ልብ ማዳመጥ አለበት፤ ደኅናውን ያላወቀ ሕመሙን አይለይምና። ዐርፎ የቆመ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ እንደሚመታ፣ የድመት ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ እንደሚፈጥን ይማራል። ደም በልብ በሮች በኩል ወደ ኋላ ሲመለስ የሚሰማውን የፉጨት መሰል ትርፍ ድምፅ ከ1 እስከ 6 ባለው ደረጃ መመደብን ይለማመዳል። ከዚያ በኋላ የልብን እንቅስቃሴ በሥዕል የሚያሳየውን አልትራሳውንድ ይማራል። በአሜሪካ የእንስሳት ልብ ሐኪም ለመባል ከመደበኛው ትምህርት በላይ ዓመታት የሚፈጅ ልምምድ ያስፈልጋል። እኛ ግን ከማዳመጫውና ከሚያስተምር መምህር ብንጀምር አናፍርም።

ሕክምናውም ከንቱ አይደለም። ትናንሽ ውሾች ሲያረጁ የልባቸው በር ይላላል፤ በትላልቆቹ ዘንድ የልብ ጡንቻ ይደክማል፤ በድመት ዘንድ ደግሞ ጡንቻው ይወፍርና ሳይታወቅ ይቈያል። በሩ ላልቶ ልባቸው ለሰፋ፣ ነገር ግን ገና ትንፋሽ ላላጠራቸው ውሾች ፒሞቤንዳን የተባለው መድኃኒት ቢሰጥ የልብ ድካሙን ወደ 15 ወር ያህል እንደሚያዘገይ በ2016 ዓ.ም. በአውሮጳ አቈጣጠር የወጣ ጥናት አሳይቷል። ውኃ በሳንባ ሲሞላም ፉሮሴማይድ ያስወጣል፤ ነገር ግን መጠኑን የሚያዝ ሐኪም ብቻ ነው።

የቤት እመቤትና የቤት ጌታም ድርሻ አላችሁ። ውሻችሁ ወይም ድመታችሁ በእንቅልፍ ላይ ሳለ የደረቱን መነሣትና መውረድ አንድ ብላችሁ በመቍጠር በደቂቃ ስንት እንደሚተነፍስ እወቁ፤ በተደጋጋሚ ከ30 ካለፈ ለሐኪም ንገሩ። ፈረስና በቅሎ ያላችሁም ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚዘጋጀውን የፈረስ በሽታ ክትባት ወራቱ ሳይደርስ ከወረዳችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ከዐይኗ በላይ ያለው ጐድጓዳ ቢያብጥ ጭነትና ኮርቻ አውርዳችሁ አሳርፏት፤ ሐኪምም ጥሩ።

ሹመት ያላችሁ ጌቶችና ወይዛዝርትም ለወረዳው የከብት ሐኪም ማዳመጫና የሚማርበትን ጊዜ ብትፈቅዱለት ለእንስሳ ብቻ የተደረገ በጎነት አይደለም። እንስሳ ሕመሙን በቃል አይናገርም፤ የሚሰማው ጆሮ ሲታጣ ግን በእርሱ ፈንታ ሰዎች በፍርድ ቤት ይጯጯኻሉ።