የእጅ ሰዓት በባሌ ደጋ

በሮቤና በጎባ ስልክ የያዘ ሁሉ ሰዓት ይዟል፤ ሆኖም የእጅ ሰዓት ከአንዳንዶች ክንድ አልወረደም። ይህን በጌጥ ወይም በልማድ ብቻ ማስረዳት ዋናውን ነገር ያስቀራል።

ስልክ በአብዛኛው የሚያሳየው ዓለም አቀፉን አቆጣጠር ስለሆነ ተጠቃሚው 6 ሰዓት እየቀነሰ ወይም እየጨመረ ያነባል (የኢትዮጵያን ሰዓት የሚያሳዩ መተግበሪያዎች መኖራቸው ሳይዘነጋ)። የእጅ ሰዓት ግን ባለቤቱ ባስተካከለው አቆጣጠር ይሄዳል። አቆጣጠሩም ለአገሩ የተስማማ ነው፤ ባሌ ከምድር ወገብ በ7 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሚርቅ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት 1 ሰዓት አይሞላም፤ ንጋቱም ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም።

ብርዱም ሌላ ምክንያት ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ ያቋርጣል። በቅዝቃዜ የስልክ ባትሪ አቅም ይቀንሳል፤ ኔትወርክ ሲደክም ደግሞ ስልኩ በፍለጋ ኃይሉን ይጨርሳል። የእጅ ሰዓት ከገላ ሙቀት ሳይርቅ በአንዲት ትንሽ ባትሪ ከዓመት በላይ ይሠራል።

ለውጭ አገር እንግዳ የመነሻ ጊዜ የሚነግር አስጎብኚም ስሌት አያስፈልገውም፤ 1 እና 7 በሰዓቱ ገጽ ላይ ፊት ለፊት ስለሚተያዩ አጭሩ ቆጣሪ ካመለከተው ቁጥር ትይዩ ያለውን ያነባል።