ናና ያለ አፈር፦ ለዘይት ምርት ያዋጣልን?

እንደሚታወቀው የናና ቅጠል በጣት ሲታሽ ደስ የሚል መዓዛ ይሰጣል። የዚህ መዓዛ ምንጭ በቅጠሉ ገጽ ላይ ተበትነው በሚገኙ ጥቃቅን እጢዎች ውስጥ የተከማቸ፣ በቀላሉ የሚተን ዘይት ነው። ፔፐርሚንት ከተባለው የናና ዓይነት የሚገኘው ዘይት ሜንቶል በብዛት ስላለው ለጥርስ ሳሙና፣ ለከረሜላና ለመድኃኒት መሥሪያ ይፈለጋል። ይሁንና ከአንድ ኩንታል እርጥብ ቅጠል የሚገኘው ዘይት ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ኪሎ አይበልጥም። በመሆኑም አምራቹ ሊያሰላ የሚገባው የቅጠሉን ክብደት ብቻ ሳይሆን የዘይቱን መጠንና ጥራት ጭምር ነው።

ተክልን ያለ አፈር ማሳደግ፣ ማለትም ሃይድሮፖኒክስ፣ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ዩሊየስ ዛክስና ቪልሄልም ክኖፕ የተባሉ ጀርመናውያን ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ማዕድናት በተሟሙበት ውኃ ብቻ ተክል ማሳደግ እንደሚቻል አሳይተዋል። ለናና ደግሞ ዘዴው ልዩ ጥቅም አለው። ፔፐርሚንት መካን ዲቃላ በመሆኑ የሚራባው በዘር ሳይሆን በቁርጥራጭ ነው፤ ስለዚህ በአፈር ውስጥ ለዓመታት የሚቆየው ቬርቲሲሊየም የተባለ ፈንገስ ከቁርጥራጩ ጋር ከማሳ ወደ ማሳ ይጓዛል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት የነበረውን የናና እርሻ ክፉኛ የጎዳውም ይኸው ፈንገስ ነው። ጤናማ ቁርጥራጭ በንጹሕ ሙሙት ውስጥ ቢተከል ከዚህ አደጋ በእጅጉ ይጠበቃል። የሙሙቱ ፒኤች ከ5.5 እስከ 6.5 እንዲሆንና ሥሮቹ ኦክስጅን እንዳያጡ ግን የዘወትር ክትትል ያሻል።

ለመሆኑ ውኃና ማዕድን ከተሟሉ ዘይቱም አብሮ ይሟላልን? አይሟላም፤ ተክሉ ዘይቱን የሚሠራው በብርሃን አስተጻምሮ ካገኘው ካርቦን ነውና። ረጅም ቀንና ቀዝቃዛ ሌሊት ጥሩ ዘይት እንዲገኝ ሲረዱ፣ አጭር ቀንና ሞቃት ሌሊት ግን የዘይቱን ጥራት የሚቀንሰውን ሜንቶፉራን ያበዛሉ። ስሟን ለታዋቂ የፔፐርሚንት ዝርያ ያወረሰችው የእንግሊዟ ሚቻም በሰኔ ወር በቀን ከ16 ሰዓት በላይ ብርሃን ታገኛለች። በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ የምትገኘው አዲስ አበባ ግን ረጅሙ ቀኗ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው። ቀዝቃዛውን ሌሊት ደጋችን ያለ ዋጋ ይሰጠናል፤ ረጅሙን ቀን ግን አይሰጠንም።

የጎደለውን በመብራት እንሙላ ብንል ምን ያስከፍለናል? በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የ80 ዋት መብራት በየቀኑ ለ4 ሰዓት፣ ለ90 ቀናት ቢበራ 28.8 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ከዚያው ቦታ 3 ኪሎ ቅጠል ቢታጨድ፣ ከላይ በተሰጠው ስሌት መሠረት ዘይቱ ከ15 ግራም አይበልጥም። ይህም ማለት ለእያንዳንዱ ግራም ዘይት ወደ 2 ኪሎዋት ሰዓት ይወጣል ማለት ነው። የተጠቀሰው ኃይል 40 ሊትር ያህል ውኃ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንሥቶ ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ይበቃል፤ 3 ኪሎ ቅጠል በእንፋሎት ለማንጠር የሚያስፈልገው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

እንግዲህ ናናን ያለ አፈር ለዘይት ለማልማት የሚያስብ ወጣት ከቧንቧና ከገንዳ አስቀድሞ የብርሃኑን ሒሳብ ይሥራ። ፀሐይ በነጻ በምታበራበት ጣሪያ ላይ የሚያዋጣው ሥራ፣ በመስኮት አልባ ክፍል ውስጥ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ውድ ተማሪዎች፣ ከላይ ያሉትን ቁጥሮች በአካባቢያችሁ የኤሌክትሪክ ታሪፍና በዘይቱ የገበያ ዋጋ እየተካችሁ ስሌቱን ራሳችሁ ሞክሩት።