ከሰማይ የሚታየው አዝመራና የብርሃን ስሌት

አዝመራው ሳይታጨድ ምርቱን አስቀድሞ መገመት ለአገር አስተዳዳሪ ታላቅ ተግባር ነው። የእህል ጕድለት በጊዜው ካልታወቀ፥ እርዳታው ከረኀቡ በኋላ ይደርሳልና።

ለዚህ ሥራ ከሚረዱት መሣሪያዎች አንዱ ሳተላይት ነው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ. ም. ከቻይና አገር መጠቀች፤ ክብደቷም 70 ኪሎ ያህል ነበረ። የምትልከውን ምስል እንዲቀበል የተመደበው በእንጦጦ ተራራ ላይ የሚገኘው ጣቢያ ነበረ።

ነገር ግን ሳተላይት የሚያየው ብርሃንን እንጂ እህልን አለመሆኑን ልብ ማድረግ ይገባል። ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግቡ ያስቀራል፤ ከቀዩ ቀጥሎ ያለውንና የሰው ዓይን የማያየውን ብርሃን ግን አብዝቶ ይመልሳል። ቅጠሉ ሲደርቅ ይህ ልዩነት ይቀንሳል። የአዝመራው ደኅንነት የሚለየው በዚህ ነው።

ሆኖም ብርሃን ያሳስታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ብዙዎቹ የምድር ተመልካች ሳተላይቶችም የሚያልፉት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚያይ ተዳፋት ጥቂት ብርሃን ብቻ ያገኛል። ስለዚህ በአንድ ቀን የተዘራ ጤፍ በሁለት ተዳፋት ላይ ሁለት ዓይነት መስሎ ይታያል። ቡቃያው ሲሳሳም ጥቍሩ መረሬ አፈርና ቀዩ አፈር ምስሉን ይለውጡታል፤ የግራርና የባሕር ዛፍ ጥላ ደግሞ ከእርሻው ጋር ይደባለቃል።

ሊቃውንት ይህን ለመለየት ተዳፋቱን፥ አፈሩን፥ ዛፉንና ቅጠሉን በኮምፒዩተር ውስጥ በቍጥር ይሠሩታል። ከዚያም የፀሐይ ብርሃን በአየር አልፎ በምን ላይ እንዳረፈ፥ ምን ያህሉ እንደ ቀረና ምን ያህሉ ወደ ሰማይ እንደ ተመለሰ ያሰላሉ። በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ ከተማ ከ1992 እ. ኤ. አ. ጀምሮ የተዘጋጀው ዳርት የሚባለው ስሌት ከነዚህ አንዱ ነው። በስሌት የተገኘው ምስል ከሳተላይቱ ምስል ጋር እስኪስማማ ድረስ የቅጠሉን መጠን እየለዋወጡ በመሞከር የአዝመራውን ልምላሜ ይገምታሉ።

ስሌቱ ግን ከእርሻው ላይ የተለካ እውነተኛ ቍጥር ያስፈልገዋል። የወረዳ ሹማምንትና ባለይዞታዎች የዘሩን ዓይነት፥ የተዘራበትን ቀን፥ የቡቃያውን ቁመትና የአፈሩን መልክ በትክክል አስለክተው ይጻፉ። ለማስደሰት ተብሎ የተጨመረ ቍጥር የተራበውን ወረዳ ጠግቦ ያሳያልና፥ ምስል ብቻ አይቶ ከመፍረድ እርሻውን ረግጦ ማረጋገጥ ይቀድማል።