በካሬ ሜትር ሦስት ኪሎ ጤፍ

የደብረ ማርቆስ ሰፈሮች አልቀው የጎዛምን ወረዳ ማሳ በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ቀያሾች ችካል ተክለው ሲሄዱ ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ቀበሌ ይደርሳል። አንዱ ለመኖሪያ ቤት ማኅበራት ነው ይላል፤ ሌላው ለሊዝ ጨረታ ነው ይላል። የገበሬው ሐሳብ ካሳው ላይ ነው። ቀድሞ ቤት ሠርቶ የሚኖረው ጎረቤት ደግሞ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ይህ ቦታ በከተማው ፕላን ላይ በእርግጥ የመኖሪያ ነው?

ይህን የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የልማት እንቅፋት ተደርጎ ይታያል። አመለካከቱ ስህተት ነው፤ ከሁሉ በፊት የኢኮኖሚ ስህተት ነው። ፕላን ላይ የተሰመረ መስመር የመሬትን ዋጋ ይወስናል፤ መስመሩ ሲንቀሳቀስ ገንዘብም ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ይሄዳል።

ስሌቱ ቀላል ነው። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011፣ ምትክ የእርሻ መሬት ላጣ ተነሺ ገበሬ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢው በ15 ተባዝቶ እንዲከፈለው ደነገገ። ቀድሞ የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 የሚያበዛው የ5 ዓመት አማካይ ገቢን በ10 ነበር፤ ስለዚህ አዲሱ ትልቅ መሻሻል ነው። አሁን በሄክታር 20 ኩንታል ጤፍ የሚያፍስ ማሳ ይታሰብ። በ15 ሲባዛ 300 ኩንታል ይሆናል። ሄክታሩ 10,000 ካሬ ሜትር ነውና ለአንድ ካሬ ሜትር የሚደርሰው የ3 ኪሎ ጤፍ ዋጋ ነው። 200 ካሬ ሜትር የሆነ የቤት መሥሪያ ቦታ ለገበሬው በ6 ኩንታል ጤፍ ሒሳብ ተከፈለበት ማለት ነው። በዓመት ሁለቴ የሚዘራ ከሆነ ቁጥሩ ያድጋል፤ የባሕር ዛፉና የቤቱ ግምትም ለብቻው ይታሰባል። ያም ሆኖ ያው መሬት "መኖሪያ" ተብሎ በከተማ ሊዝ ገበያ ሲቀርብ የሚያወጣውን ዋጋ ከ6 ኩንታል ጤፍ ጋር ማስተያየት ለአንባቢ የሚከብድ አይደለም።

ልዩነቱ ሁሉ ትርፍ አይደለም። መንገድ ይወጣለታል፣ ቦይ ይቆፈርለታል፣ ውኃና መብራት ይገባለታል። ጭቅጭቁ የሚነሳው እነዚህ ሳይሟሉ ቦታው ሲሰጥ፣ ወይም ለትምህርት ቤትና ለአረንጓዴ ስፍራ የተያዘው መሬት ሲሸነሸን ነው።

ሕጉ ለዚህ መልስ አለው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ፕላኖችን በሁለት ከፍሏል። መዋቅራዊ ፕላኑ መላውን ከተማ ይዞ የዕድገቱን አቅጣጫና ዋና ዋና የመሬት አጠቃቀሙን ያሳያል፤ የአካባቢ ልማት ፕላኑ ወደ ሰፈር ወርዶ ዝርዝሩን ይወስናል። አዋጁ ረቂቁ ሳይጸድቅ በፊት ሕዝብ እንዲመክርበት አዟል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ለጨረታ የሚቀርብ ቦታ ከይገባኛል ነፃ የሆነ፣ ከፕላኑ ጋር የተጣጣመ፣ መሠረተ ልማት የሚያገኝና ወሰኑ በድንጋይ የተለየ እንዲሆን ግዴታ ጥሎ ነበር። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 43 ማኅበረሰቡን የሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ዜጎች ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷል። ጎረቤት ሲጠይቅ የሚያስከብረው ይህንኑ ነው።

ታዲያ ፕላኑ ለምን ይታለፋል? ማዘጋጃ ቤት መንገድ የሚያነጥፍበት ገንዘብ ሲያጥረው በእጁ ያለው ትልቁ ሀብት መሬት ነው። ዛሬ አንድ ክፍት ቦታ ቢሸነሸን የሊዝ ቅድመ ክፍያው ዘንድሮ ይገባል። ክፍት ቦታው የጎርፍ ማስረጊያ ከነበረ ግን ጉዳቱ በሚቀጥለው ክረምት ይመጣል፤ ተሸካሚውም ከታች ያለው ሰፈር ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠችና የጎጃም ክረምት የሚወርድባት ደብረ ማርቆስ ይህን ሒሳብ ችላ ማለት አትችልም።

ጥያቄውን ማዳፈን ምን እንደሚያስከፍል አዲስ አበባ አሳይታለች። ከተማዋን በዙሪያዋ ካለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን ጋር ያቀናጀው ማስተር ፕላን ነዋሪውና ገበሬው ሳይመክሩበት ተዘጋጀ በሚል በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ ተነሳበት፤ ተቃውሞው በ2008 ዓ.ም. አገርሽቶ የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ ፕላኑ በጥር ወር ተሰረዘ። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ 51,229 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ሲወጣባቸው በከተማዋ ጠርዝ ኮዬ ፈጨ በተባለው ስፍራ ያሉት ቤቶች በአዲስ አበባና በኦሮሚያ መካከል ባለው የወሰን ጥያቄ ውስጥ ገቡ። ለዓመታት የቆጠቡ ሰዎች ዕጣ ደርሷቸው ቁልፍ ሳይረከቡ ቆዩ። ግንባታው ከመጀመሩ በፊት መልስ ማግኘት የነበረበት ጥያቄ ሕንፃው ከቆመ በኋላ ተነሳ። መሬቱን የለቀቀው ገበሬም ሆነ ቤቱን የጠበቀው ቆጣቢ ሁለቱም ተጎዱ።

ደብረ ማርቆስ ገና ጊዜ አላት። ደጃዝማች ተድላ ጓሉ መንቆረር ብለው የቆረቆሯት፣ በኋላም በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም የተጠራችው ከተማ በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 49,297፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 62,497 ነዋሪዎች ነበሯት። በዚያው በ1999 ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ፤ ተማሪውና መምህሩ፣ አከራዩና ነጋዴው ተከትለው መጡ። ቤት ያስፈልጋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ማኅበራትም ቦታ ይገባቸዋል።

ገበሬውም በዚህ ውስጥ ተነሺ ብቻ መሆን የለበትም። አዋጅ 1161 ባለይዞታው አቅሙ ካለው መሬቱን በፕላኑ መሠረት ራሱ ወይም ከሌሎች ጋር ተደራጅቶ እንዲያለማ ቅድሚያ ሰጥቶት ነበር። ከ3 ኪሎ ጤፍ ሒሳብ የሚያወጣው ይህ መንገድ ነው። ግን ፕላኑን ያላየ ሰው በፕላን ሊያለማ አይችልም።

ስለዚህ የከተማው አስተዳደር የጸደቀውን ፕላን ከነማብራሪያው በየቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጥፍ፤ ማሻሻያ ሲኖርም ከሽንሸናው በፊት ስብሰባ ይጥራ። ነዋሪውም ችካል ሲያይ ወሬ ከመጠበቅ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የአካባቢ ልማት ፕላኑን አሳዩኝ ይበል።