ስለ ናብሮ እሳተ ገሞራና ስለ ሊቃውንት ምርመራ

በደቡባዊ ቀይ ባሕር አውራጃ በኤርትራና በኢትዮጵያ ወሰን አጠገብ የሚገኘው የናብሮ ተራራ 2,218 ሜትር ከፍታ አለው። ከዚያ በፊት መፈንዳቱ በጽሑፍ ስላልተገኘ ማንም አይሠጋውም ነበር፤ የመሬትን መንቀጥቀጥ የሚመዘግብ መሣሪያም በአጠገቡ አልተተከለም። ይሁን እንጂ ሰኔ 5 ቀን 2003 ዓ.ም. ምድሪቱ ለሰዓታት ስትንቀጠቀጥ ከቈየች በኋላ በሌሊት ፈነዳ። ሰዎች ሞቱ፥ በሺህ የሚቈጠሩም ቀያቸውን ለቀቁ። አመዱ በአፋር በረሓ የሚጠጣውን ውኃ አበላሸ፥ የአውሮፕላንንም ጉዞ አሰናከለ።

ጎረቤቱ የዱቢ ተራራም በ1853 ዓ.ም. ፈንድቶ ከ100 ሰው በላይ ጨርሷል። እንግዲህ ተራራ ዝም አለ ማለት ሞተ ማለት አይደለም።

የቀለጠው ድንጋይ ከምድር ውስጥ ወደ ላይ ሲወጣ ዐለቱን ይሰነጥቃል፤ ስለዚህ ምድር ትንቀጠቀጣለች፥ ታብጣለች፥ የድኝ ጢስም ይወጣል። ሊቃውንት መንቀጥቀጡን በተተከለ መሣሪያ፥ እብጠቱንና ጢሱን በሰው ሠራሽ ሳተላይት ይለካሉ። በናብሮ ግን 8 መሣሪያዎች የተተከሉት ከፍንዳታው በኋላ ነው። የተገኘው ዕውቀት ብዙ ቢሆንም ለሞቱት አልደረሰም።

ስለዚህ መሣሪያው አስቀድሞ ሊተከል ይገባል። መሣሪያ በሌለበት ስፍራ፥ መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ የሚሰማ እረኛ ወይም ነጋዴ ሳይዘገይ ለአካባቢው ሹም ያስታውቅ፤ ሹሙም ቃሉን ሳይንቅ ወደ በላይ ያስተላልፍ፤ ሕዝቡ የሚሸሽበትን መንገድና የመጠጥ ውኃውን ስፍራ አስቀድሞ ይወስን። ከውኃ ጕድጓድ ላይ የሚደረግ ክዳን ትንሽ ነገር ቢመስልም አመድ በሚዘንብበት ቀን የሰውንና የከብቱን ሕይወት ያድናል።